ኳሱን ስለሰጠኸኝ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልህ ምን ነካው እንደምትል አውቃለሁ። አባባ ማረፋቸውን በዕለቱ ሰምቻለሁ። ልደውል ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከሰለስት በኋላ አልኩ፤ አርባው ሲያልፍ ደግሞ ድምፅህን ለመስማት አፈርኩ። በዚያው ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ ይዤ ኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ ሄጄ ነበር። ልጁ ቤዝቦል፣ ያንን ኳስ በዱላ የሚመቱበትን የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ይወዳል። እዚያ ፏፏቴው አጠገብ ሂንችሊፍ የሚባል ስታዲየም አለ፤ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ኖሮ በ2023 ታድሶ ተከፈተ (ዓመቱንም ቀኑንም በፈረንጆቹ ነው የምነግርህ)። ላሪ ዶቢ የሚባለው የድሮ ጥቁር ቤዝቦል ተጫዋች በተማሪነቱ የተጫወተው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት ስለ እሱ ሳነብ ነው የማድረው።

በዚያ ዘመን የነጮች ብቻ ወደነበሩት ትልልቅ የቤዝቦል ሊጎች መጀመሪያ የገባውን ጥቁር፣ ጃኪ ሮቢንሰንን፣ እዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ዶቢ የመጣው ከእሱ 11 ሳምንት ዘግይቶ ነው፤ ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች በአንዱ፣ በአሜሪካን ሊግ፣ ግን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነበር። ሮቢንሰን ሞንትሪያል ውስጥ አንድ ዓመት የመልመጃ ጊዜ አግኝቷል። ዶቢ ግን ሐምሌ 4 ቀን 1947 ከጥቁሮቹ ቡድን ከኒዋርክ ኢግልስ ጋር ተጫውቶ በማግስቱ ቺካጎ ላይ የአሜሪካን ሊጉን ቡድን የክሊቭላንድን ማልያ ለበሰ። ገና 23 ዓመቱ ነበር። አሠልጣኙ ከተጫዋቾቹ ጋር ሊያስተዋውቀው ሲያዞረው እጃቸውን ያልዘረጉለት ነበሩ። ሜዳ ሲወጡ ሌላው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲወራወር እሱ ጓንቱን አጥልቆ ብቻውን ቆመ። ኳስ እንወራወር ብሎ የጠራው ጆ ጎርደን ነው። ጎርደን የሚጫወተው ሁለተኛው ቤዝ ላይ ነበር፤ የዶቢም ቦታ እሱው ነበር። ቦታውን ሊወስድበት የሚችለውን ልጅ ነው የጠራው!

ይኼን ሳነብ አንተ መጣህብኝ። ከጎንደር የመጣሁ ሰሞን፣ በእረፍት ሰዓት ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም፣ ያቺን የጨርቅ ኳስ ወደ እኔ የለጋሃት ትዝ ይልሃል? አንድም ቃል አልተናገርክም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የግራ እግርህን ጫማ፣ ሶሉ አፉን የከፈተውን፣ አየዋለሁ።

ዶቢ በዚያ ዓመት 32 ጊዜ ለመምታት ቆሞ የተሳካለት 5ቱ ብቻ ነው። በ1948 ወደ መሃል ሜዳ ጀርባ አዛወሩት፤ ከሩቅ በአየር የሚመጣ ኳስ እየሮጡ መቅለብ አዲስ ሙያ ነበር፣ ተማረው። በዚያው ጥቅምት፣ በዎርልድ ሲሪስ፣ በዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አራተኛ ጨዋታ ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳርፍ ምት) መታ፤ ክሊቭላንድ 2 ለ 1 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ የተነሣ ፎቶ አለ፤ ዶቢና ነጩ ወርዋሪ ስቲቭ ግሮሜክ ተቃቅፈው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፣ ከልባቸው ሲስቁ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ማየት እንግዳ ነገር ነበር። ብዙ አየሁት። የግሮሜክ ፊት ላይ ደስታ እንጂ ሌላ ሐሳብ የለም።

ከዚያ በኋላ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ከሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ተመርጧል፤ በ1952 እና በ1954 በ32 ሆም ራን ሊጉን መርቷል። ቡድኑ ሆቴል ሲገባ ግን እሱን ከሌሎቹ ለይተው ሌላ ቦታ የሚያሳድሩበት ጊዜ ነበር። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚዘከሩበት የዝና አዳራሽ የገባው በ1998 ነው፤ ሮቢንሰን ከገባ ከ36 ዓመት በኋላ። እኔን ይኼ መዘግየት በጣም ያንገበግበኛል።

ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ግን አባባ ያረፉበት ውሰደኝ። ለእማማ ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ