መሲዬ፣ አለሁ

መሲዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ስድቡን በስልክ ታወርጂብኛለሽ፣ አሁን ግን ላስቸግርሽ ነው የጻፍኩት።

ያ ግራ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር፣ በቀኜ ተቀመጪልኝ ስልሽ ትስቂብኝ የነበረው፣ ባሰበትና መስማቴም እየቀነሰ መጣ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። መጀመሪያ ያየው ዶክተር የሚዛን ነርቭ ላይ የሚወጣው ሽዋኖማ የሚሉት ዕጢ ነው ብሎ ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ጀመረ፣ እኔማ ኑዛዜ ልጽፍ ምንም አልቀረኝ። ሌላ ጋ ስሄድ ፎቶውን ያየችው ራዲዮሎጂስት ግን ይሄ እኮ ቲ1 በሚሉት የኤምአርአይ ፎቶ ላይ ኮንትራስት፣ ማድመቂያውን መድኃኒት፣ ሳትወጊም ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ሽዋኖማ የሚያበራው ከተወጋ በኋላ ነው አለች። ከዛ የስብን ሲግናል የሚያጠፋ ሌላ ፎቶ አነሱኝ፣ ድርግም! የደም ቢሆን እዛው ያበራ ነበር። ሊፖማ ነው፣ ስብ በቃ። ስንት ዓመት ወፍሪ ስትዪኝ እምቢ ያለኝ ስብ ሄዶ ሄዶ እዛ ገባልሽ!

እዛ አካባቢ ከሚወጡ ዕጢዎች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም አሉኝ፣ ዲቪ እንዲህ ቢወጣልኝ ኖሮ ስንት ዓመት ባልተንከራተትኩ። ካንሰር አይደለም፣ አይዛመትም፣ ብዙ ጊዜም አያድግም፣ ፅንስ እያለን የሚፈጠር ነገር ነው። ችግሩ የመስሚያውና የፊት ነርቭ በስቡ መሀል ስለሚያልፉ እናውጣው ቢሉ ጆሮዬ ጭራሽ ሊደነቁር ፊቴም ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ መከታተል ነው፣ በየጊዜው ኤምአርአይና የመስማት ምርመራ፣ ማዞር ሲነሳብኝ ክኒን፣ ቢላ የሚታሰበው አድጎ የአንጎል ግንድ ከተጫነ ወይ ማዞሩ አላስቆም አላስቀምጥ ካለ ነው።

ይሄን ሁሉ እንደ ተማሪ ሸምድጄ እነግርሻለሁ እንጂ ሌሊት ሲጮህብኝ እኮ... እንዴ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር አለ ተብዬ ምንም አናደርግም ሲሉኝ እንዴት ልተኛ። ለማንም አላልኩም ይሄን።

አሁን ልመናዬ። እማዬ ከእህቴ ዕጢ የሚለውን ብቻ ሰምታ ሱባኤ ልግባ ትላለች፣ ገንዘብ አንሷት ነው የማታስወጣው ብላ የአንገት ወርቋን ልትሸጥ ነው! እኔ ስነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች፣ አንቺን ግን ነርስ ነሽና ታምንሻለች። እሁድ ጎራ በይና አስረጂልኝ። ሱባኤውን ተያት፣ ወርቁን ብቻ አስጥያት፣ ደሞ ሦስተኛውን ሳትጠጪ እንዳትነሺ፣ ትቀየማለች።

ያንቺው