ከፖሉ ሳጥን እስከ ግድግዳዬ ያለውን ልክፈል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ አንድ የጅማ አንባቢ «ወርሃዊውን እየከፈልን ለማስገቢያ ደግሞ ለምን እንከፍላለን?» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ስለ አነስተኛ የኢንተርኔት ድርጅቶች ነው የሚያወሩት። ንዴታቸው ይገባኛል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ቃል በቃል ይህንኑ ነበር የምላችሁ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ምን እንደቀየረኝ ልንገራችሁ።

ቆጪ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ የኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር። የተማሪ ሪሰርች ፕሪንት አደርጋለሁ። ለፓስፖርት ኦንላይን የሚያመለክት ሰው ሲመጣ ፎርሙን እሞላለታለሁ። የፈተና ውጤት አሳያለሁ። ኢንተርኔቱ ከቆመ ሱቄም ቆመ ማለት ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት የወጣ ቀን መስመሩ ጠፍቶብኝ አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች በሬ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንዷ እጇ እየተንቀጠቀጠ የመለያ ቁጥሯን በወረቀት ይዛለች። «ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት። ከሰዓት በኋላም አልመጣም። ያን ቀን አልረሳውም።

ያ መስመር «ማስገቢያ በነፃ» ተብሎ የገባልኝ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ሱቄ ድረስ መጥቶ «አንድ ብር አትከፍዪም» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ፈረምኩ። ውሉ የአንድ ዓመት ነበር። ወርሃዊው 1,150 ብር ነበር። ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ማስገቢያውን ከፍሎ የገባ ሰው ነው፤ ለተመሳሳይ ፍጥነት በወር 900 ይከፍል ነበር። ይህን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። በ14 ወር ውስጥ 3,500 ብር በላዩ ከፍያለሁ። ነፃ ያልኩት ማስገቢያ ለካ በየወሩ ቀስ እያለ ከኪሴ ይወጣ ነበር።

አገጣጠሙም ነፃ የተሰጠ ነገር ነው የሚመስለው። ገመዱን በጎረቤት አጥር ባህር ዛፍ ላይ በሽቦ አሰሩት። በቆርቆሮው ሥር አሾለኩት። በሬ ጋ ሲደርስ በምስማር መትተው እንደ ክርን አጠፉት። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይዞን እስከ መስከረም ያልፋል። ነሐሴ ላይ ያ ባህር ዛፍ ሲወዛወዝ መስመሬም አብሮ ይሄድ ነበር። ስደውል «ለጥገና ሠራተኛ ሲላክ ክፍያ አለው» ይሉኛል። በ14ኛው ወር ሱቄን እዚያው ሰፈር፣ አስፋልቱን ተሻግሬ አዛወርኩ። የማዛወሪያ 2,000 ብር ጠየቁኝ። አልከፍልም ስል መጥተው ራውተሩን ነቅለው ወሰዱት። የእነሱ ንብረት ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። እኔ ሳላነበው ነው የፈረምኩት።

ከዚያ ሌላ ድርጅት ጠራሁ። እሱም እንደዚያኛው ትንሽ ነው። ግን ከመጀመሪያው መጥተው ለኩ። መስመሩ ለየቤቱ ከሚከፋፈልበት የፖሉ ሳጥን እስከ ግድግዳዬ 70 ሜትር። ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ለየብቻው ተጻፈ። ገመድ 1,400፣ ራውተር 2,600፣ የእጅ ሥራ ከነማያያዣው 700። 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 5,405 ብር። ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግማሹን በፊት፣ ግማሹን ፍጥነቱን ካየሁ በኋላ በቴሌብር ከፈልኩ። ራውተሩም ገመዱም የእኔ ነው ተባልኩ፤ ይህም ተጽፎ ተሰጠኝ።

የገጠመልኝ ልጅ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስሮ መጣ። ከጥቁሩ ገመድ ውስጥ ፀጉር የምታክል ክር አወጣ። «ማዘር፣ ይሄ መስታወት ነው፤ ስብርባሪውን እንዳይረግጡት» አለኝ። ልባሱን ገፈፈው። በአልኮል በራሰ ሶፍት ጠረገው። ትንሽ መቁረጫ ላይ አስተኝቶ ቀጭ አደረገው። የተቆረጠችውን ቅንጣት በፕላስተር አንስቶ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ክር ከክር የሚያቀጥለውን ማሽን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ክሮች እንደ ዱላ ወፍረው ፊት ለፊት ተጋድመዋል። ማሽኑ አስተካከላቸው፣ ብልጭ አለ፣ አንድ ሆኑ። የብርሃኑን ጉልበት የሚለካውን መለኪያ ሲሰካ ማይነስ 21 አሳየ። ወደ ማይነስ 27 ከወረደ ራውተሩ ብርሃኑን በደንብ አይቀበለውም፣ ይቆራረጣል ብሎ አስረዳኝ። የድሮው መስመሬ በር ላይ መታጠፉን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። መስታወቱ ሲታጠፍ ብርሃኑ በመታጠፊያው በኩል ያመልጣል አለኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ላቡን እያየሁ 700 ብሩ አልቆጨኝም። ድርጅቱ ያችን ማሽን ገዝቷል። ገመዱም ራውተሩም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ሱቅ ያለን ሰዎች እናውቃለን። እነዚህ ትንንሾቹ ከትልቁ ኔትወርክ አቅም ተከራይተው ነው የሚያከፋፍሉት። ገጥመውልኝ በሁለተኛው ወር ብተዋቸው ኪሳራው የእነሱ ነው። ስለዚህ ያስከፍሉ። በግልጽ፣ በአንድ ጊዜ፣ በደረሰኝ ያስከፍሉ። በየወሩ ደብቀው ከሚወስዱብኝ ይህ ይሻለኛል።

ግን እዚህ ላይ አላቆምም፤ የጎረቤቴ የሐጂያ ነገር አለ።

ሐጂያ ከሱቄ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ለተማሪ ክፍል ያከራያሉ። ስድስት ክፍል አላቸው። ዛሬ ተማሪ ቤት ሲያይ ከውኃው ቀድሞ የሚጠይቀው «ዋይፋይ አለው?» ብሎ ነው። እሳቸውም ሊያስገቡ ሌላ ድርጅት ጠሩ። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያቸው 220 ሜትር ነው። ሁለት ምሰሶ ተተከለ። 9,400 ብር ከፈሉ። ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «ማስገቢያ» ይላል። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያው ገመድ፣ እሳቸው አጥር ላይ ከተሰቀለው ሳጥን፣ አራት ቤቶች ገቡ። እያንዳንዳቸው ማስገቢያ ከፍለዋል። ለሐጂያ ግን አምስት ብር የመለሰላቸው የለም።

ለእኔ የገጠመልኝን ልጅ ሳጥኑን እንዲያይልኝ ለመንኩት። «ማዘር፣ ይሄ ገመድ ባለ ስምንት ኮር ነው፤ ውስጡ ስምንት ክር አለው። ሐጂያ የሚጠቀሙት አንዱን ነው» አለኝ። የቀሩት ሰባቱ ለሰፈሩ የተዘረጉ ናቸው። ሐጂያ የከፈሉት የድርጅቱን የሰፈር መስመር ነው እንጂ የቤታቸውን ማስገቢያ አይደለም። ለመንደሩ ኢንተርኔት ዘረጉ፣ ከዚያ ደግሞ በየወሩ ይከፍላሉ።

እኔ የምለው ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ከሳጥኑ እስከ ግድግዳዬ ያለው የእኔ ነው፤ እከፍላለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ሳጥኑ ያለው የድርጅቱ ሀብት ነው፤ ነገ አሥር ደንበኛ ያስገባበታል። ያንን የመጀመሪያው ሰው ላይ መጫን ልክ አይደለም። ደፍሮ ቀድሞ የገባው ለምን ይቀጣል? ድርጅቱ አቅም የለኝም ካለ እሺ፣ ሐጂያ ያበድሩት። አዲስ ቤት በገባ ቁጥር ድርሻው ከወርሃዊ ሂሳባቸው ይቀነስላቸው። እኛ ሰፈር ውኃ ከዋናው መስመር ስናስገባ እንዲህ ነው ያደረግነው። ቀድሞ ቧንቧ የገዛው ሰው አለ፣ በኋላ የመጣው ድርሻውን ለእሱ ይሰጣል፣ ከዚያ ይገጥማል። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልተጣላም።

በአንድ ጊዜ 5,000 ብር ማውጣት የማይችል ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ደመወዝተኛም፣ ጉሊት የምትቸረችርም። ለእነሱ በስድስት ወር ይከፋፈልላቸው። ስንት እንደቀረም በየወሩ ደረሰኝ ላይ ይታይ። ሲያልቅ ደግሞ ይቁም። የእኔ 250 ብር ትርፍ ክፍያ መቼ እንደሚያልቅ የነገረኝ አልነበረም።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣ ወዲህ ይህን ዘርፍ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለን። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የሞባይል ኩባንያ ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ስለ ዳታ ዋጋ ስናወራ ነበር። ስለ ገመድና ስለ ማስገቢያ ሲወራ ግን አልሰማሁም። ባለሥልጣኑን የምለምነው ዋጋ እንዲተምን አይደለም። ደረሰኙ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ገመዱ ስንት ሜትር ነው? ራውተሩ የማን ነው? የእጅ ሥራው ስንት ነው? ገመዱ ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ለሰፈር? ይህ ቢጻፍ ሐጂያ ዛሬ ስንት እንደሚመለስላቸው እናውቅ ነበር። አሁን ግን ከ9,400 ስንቱ የራውተሩ፣ ስንቱ የምሰሶው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ድርጅቱ ቢሮ ሄጃለሁ። «ማስገቢያ ነው፣ ተከፍሏል» ነው የሚሉን።

ሐጂያ ያችን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው እሳቸው አጥር ሥር ነበሩ። ለአምስተኛው ቤት እየለኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ባለቤት
ጅማ፣ ቆጪ