«ይህን ምዕራፍ ቤታችሁ አንብቡት»

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ተማሪ ሳለሁ የሥነ ሕይወት መምህራችን ስለ መራቢያ አካላት የሚያትተው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ጠመኔውን አስቀምጠው «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብለውን አለፉ፤ ቤት ስንጠይቅ ደግሞ «ትምህርት ቤት ትማሩታላችሁ» ተባልን። ዛሬ እናት ሆኜ ሳየው ያ ቅብብሎሽ አልቆመም፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ክፍተቱን የሚሞላው ጓደኛ ሳይሆን ስልክ መሆኑ ነው።

ስለ ሰውነትና ስለ ወሲብ የሚሰጥ ትምህርት ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው ያነሣሣል የሚለው ሥጋት ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው የዚሁ ትምህርት መመሪያ የተመረኮዘባቸው ጥናቶች ትምህርቱ ወሲብ መጀመርን እንደማያፋጥን ያሳያሉ። መመሪያው ከ5 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች መካከል የአካል ክፍሎችን በትክክለኛ ስማቸው መጥራትና ያልተገባ ንክኪን ለይቶ ለሚታመን አዋቂ መናገር ይገኙበታል። የስም ነገር ተራ ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም አንዲት ሕፃን «እዚያ ጋ ነካኝ» ብቻ ስትል ሰሚው የደረሰባትን ላይረዳ ይችላል።

የልጃገረዶች ጉርምስና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚጀምር፣ የወር አበባን ከመጣ በኋላ ማስረዳት የዘገየ ነው። ልጄ በ9 ዓመቷ ስለዚሁ የጠየቀችኝ ዕቃ እያጠብን ሳለ ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን ሳህን ሦስት ጊዜ ካለቀለቅሁ በኋላ መለስኩላት (ዓይን ለዓይን አለመተያየታችን ሳይረዳኝ አልቀረም)። ወንዶች ልጆችም ይህን አብረው ቢሰሙ ፌዙ ይቀንስ ነበር።

ትምህርት ቤቶች መምህራንን ሳያሠለጥኑ መጽሐፍ ብቻ ቢያድሉ ምዕራፉ ዳግመኛ ይዘለላል፤ ወላጆችም የሚሰጠውን ይዘት ዓመቱ ሲጀመር አይተው ቢጠይቁበት ከሐሜት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት