ስለ ቶባ እሳተ ገሞራ ሲነገር የሽንፋ ወንዝ ለምን ተዘነጋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ቶባ እሳተ ገሞራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ በጥሞና አነበብሁት። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ከዘለቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እሳተ ገሞራ መጠየቅ ጀምሯልና ርእሱን መምረጣችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የሰው ዘር በቶባ ምክንያት ከመጥፋት ለጥቂት ተረፈ የሚለውን መላ ምት እንዳለቀ ነገር አቅርቦ፣ መላ ምቱን የሚፈታተነውንና ከገዛ አገራችን ምድር የወጣውን ማስረጃ አንድም ጊዜ ሳያነሣ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

የፍንዳታው ግዙፍነት አያከራክርም። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት የደረሰ ሲሆን፣ ምድሪቱ ተደርምሳ የቀረው ጎድጓዳ ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በርዝመቱ ጣናን የሚበልጥ ሐይቅ ሆኗል። የተፋው ቅላጭ ድንጋይ ወደ 2,800 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ከቶባ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ የሆነው የታምቦራ እሳተ ገሞራ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1815 ፈንድቶ፣ በማግስቱ ዓመት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በበጋቸው ውርጭ መቷቸው እህል አጥተዋል። አየሩን ለዓመታት የሚያቀዘቅዘው ቶሎ የሚረግፈው አመድ ሳይሆን፣ ከደመና በላይ ወጥቶ የፀሐይን ብርሃን የሚከልለው የድኝ ጭጋግ ነው። በአንዲት የጥቅምት ሌሊት ውርጭ ለምለም የባቄላ ማሳ ጠቁሮ ሲያድር ያየ የሰሜን ሸዋ ደገኛ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ስታንሊ አምብሮስ የተባሉት አሜሪካዊ የአርኪዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ከዚህ ቅዝቃዜ የተረፉት ሰዎች ከ10,000 የማይበልጡ ሳይሆኑ አልቀሩም ብለው ነበር፤ የሰው ልጆች በዘረ መል እጅግ መቀራረባችን ለዚህ ድጋፍ ሆኖ ተቆጥሯል። ሐሳቡ በጊዜው የሚያሳምን ነበር። በኋላ ግን ከማላዊ ሐይቅ ወለል በተቆፈረው ደለል ውስጥ የቶባ ብናኝ ቢገኝም ብርቱ ቅዝቃዜ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት አልታየም፤ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በፒናክል ፖይንትም ሰዎች ከብናኙ በፊትም በኋላም ኑሯቸውን ቀጥለዋል። መቀራረባችንንም ቢሆን ከአፍሪካ የወጡት ቀደምቶች ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ብዙውን ያስረዳል።

የእኔ ቅሬታ ግን በዋናነት ስለ ሽንፋ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ በመተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር በጆን ካፕልማን የሚመሩ ተመራማሪዎች ያገኙት የጥንት ሰዎች መኖሪያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ብናኞች ተገኝተው፣ ሲመረመሩ የቶባ መሆናቸው ታወቀ። በዚያው የተገኘው የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ደግሞ አካባቢው በዚያ ዘመን ይበልጥ መድረቁን መሰከረ። ታዲያ ሰዎቹ አልጠፉም። አጥንቶቹ እንደሚያሳዩት የዓሣ ድርሻ በምግባቸው ውስጥ በጣም ጨመረ። ሽንፋ በደረቁ ወራት ፍሰቱ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ብቻ የሚቀር ወንዝ ነውና፣ ድርቁ ሲረዝም ዓሣው በየኩሬው ታጉሮ በቀላሉ የሚያዝ ሆነላቸው። አንዱ ኩሬ ሲነጥፍ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ወንዙን ተከትለው ርቀው ሳይሄዱ አልቀረም የሚለው ግምት የመጣውም ከዚህ ነው። (ለእኛ ለደገኞች ዓሣ ጾም ነው ፍስክ ከሚለው ክርክር እምብዛም ያላለፈ ነገር ስለሆነ፣ ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።) ትንንሽና ሦስት ማእዘን የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የፍላጻ ጫፍ ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ፤ ከሆኑም በቀስት ስለማደን ከሚታወቁት እጅግ ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ ይሆናሉ።

በመንዝ በልግ ሲከሽፍ ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢትና ከዚያም ወዲያ ቆላ ሥራ ፍለጋ እንደሚሄድ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውኃና ምግብ ወዳለበት እየተጠጉ ክፉ ቀንን ማለፍ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። እርግጥ ሽንፋ አንድ ሥፍራ ነው፤ በሱማትራ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ዕጣ ምን እንደነበረ አይነግረንም፤ ድርቁም ከቶባ ጋር በጊዜ መገጣጠሙ ብቻውን ቶባ አመጣው አያሰኝም። የአንድ ሥፍራ ማስረጃ የዓለሙን ሁሉ ጥያቄ ዘጋ ብል እኔም የእናንተኑ ስሕተት መድገሜ ይሆናል።

የምጠይቀው፣ በሚቀጥለው እትም አጭር ማስተካከያ እንድታወጡ፣ ከተቻለም መተማንና ሽንፋን የሚያሳይ ካርታ እንድታክሉበት ነው። በእኔ የማስተማር ዘመን ጋዜጣ እየቆረጥን በክፍል ግድግዳ እንለጥፍ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርጉ መምህራን በዚህ ከተማ አሉ።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ደብረ ብርሃን