የመንፈሳዊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ስም መጥራት የቀረበት ዓመት

አምና በዚህ መጽሔት የወጣው የክበባችን ዘገባ አራት መስመር ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ጉባኤ ተካሄደ፣ በዓላት ተከበሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጻፍኩት እኔው ስለሆንኩ ማንንም አልወቅስም። ዘንድሮ ግን የምለው ስላለኝ አዘጋጆቹን ለምኜ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ።

ለማያውቁን ወላጆች ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ወንዶች፣ ሁሉም አዳሪ ናቸው። ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ጸሎት ቤት አለን። ታቦት ስለሌለው አይቀደስበትም። የጠዋትና የማታ ጸሎት እናደርስበታለን፣ ሐሙስ ማታ ጉባኤ እናደርግበታለን። እሁድ ቅዳሴ ለማስቀደስ በእግራችን አጠገባችን ወዳለው ደብር እንሄዳለን። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ክበቡን የያዝኩት «ለጊዜው» ተብዬ ነው፤ ይኸው ሰባት ዓመቴ።

የጠዋቱ ጸሎት የሚጀምረው ከንጋቱ 11፡30 ነው። እስከ አምና ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ስም እጠራ ነበር። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ቅዳሜ ግቢ ያጸዳል። በዚህ ምክንያት ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላል፤ እንግዳ ቢመጣ ደስ ይለዋል። ከኋላ ሆኖ ያየው ግን ሌላ ነው። በፒጃማው ላይ ነጠላ ጣል ያደረገ አለ። ግድግዳ ተደግፎ የሚያንቀላፋ አለ። 41 ጊዜ እግዚኦ ሲባል ሠላሳውን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ አለ። አንዱን የ9ኛ ክፍል ልጅ እንደ ፈረስ ቆሞ ተኝቶ አግኝቼዋለሁ።

መስከረም ላይ ስም መጥራቱ ይቅር ብዬ ለአስተዳደሩ አመለከትኩ። ተከራከርን። «ልጅ ካልተገደደ ይተኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ተኙ። በመጀመሪያው ሰኞ የመጡት 14 ናቸው። ከእነሱም ሁለቱ ስም መጥራቱ መቅረቱን ያልሰሙ ነበሩ። በሚኒ ሚዲያ ሲነገር ፕሪሚየር ሊግ ያወሩ ነበር መሰለኝ።

እስከ ኅዳር ድረስ ቁጥሩ ከ20 አላለፈም። ባዶውን ጸሎት ቤት እያየሁ «ምን ነካኝ?» ያልኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው።

ከ14ቱ አንዱ ከጎጃም የመጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እዚህ ከመግባቱ በፊት አብነት ትምህርት ቤት ነበር፤ ዳዊት ደግሟል። እንግሊዝኛ ላይ ደከም ይላል። በአነጋገሩም ይቀልዱበታል። ልጆቹ ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ ንባቡን ሲሰብሩት ለብዙ ቀን ዝም ብሎ ሰማ። አንድ ማታ ግን አላስቻለውም። ከእራት በኋላ፣ የጥናት ደወል እስኪደወል ባለችው ሃያ ደቂቃ ሦስት ልጆች ሰብስቦ ማስነበብ ጀመረ። ድምፁ የት ይነሳል፣ የት ይወድቃል፣ ግእዝ ንባብ፣ ወርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ የሚባሉት የንባብ ደረጃዎች። እንዲያ አድርጉ ያለው የለም።

አንድ ሰኞ በመስኮት በኩል ሳልፍ ሰማኋቸው። የዕለቱ ውዳሴ «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል። «ምን ማለት ነው?» አላቸው። ልጆቹ ይህን ዓረፍተ ነገር ሰኞ በመጣ ቁጥር ለዓመታት ሲሉት ኖረዋል። አንዱ እጁን አወጣና «ጌታ አዳምን ሊያጓጉዘው ፈለገ» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። አስተማሪያቸው ግን ፈገግ እንኳ አላለም። «ነጻ ሊያወጣው ወደደ ነው። አዳም አዝኖ፣ ተክዞ ነበር» አለና ወደሚቀጥለው ቃል ሄደ። ከዚያ ወዲህ በአነጋገሩ የሚቀልድበት የለም ብል ዋሸሁ። ይቀልዱበታል። ግን ሰኞ ማታ ሠላሳ የሚሆን ልጅ ከፊቱ ይቀመጣል።

ገናን ልጆቹ ቤታቸው ስላከበሩ የምለው የለኝም። ጥምቀት ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው 11ኛ ቢ እና 12ኛ ኤ በኳስ ተገናኙ። አንድ የክበባችን አባል፣ የ11ኛ ቢ ልጅ፣ ጨዋታውን ለማድመቅ ብሎ የጸሎት ቤቱን ከበሮ አንግቶ ወጣ። ክፍሉ አንድ ለባዶ አሸነፈ። የከበሮው ጠባቡ አፍ ተቀደደ። ማታ ነጠላ አልብሶ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ቦታው አስቀመጠው። ጠዋት ሲመቱት እንደ ካርቶን ጮኸ።

ከበሮ ሠሪው ቆዳው መነከር፣ መወጠር፣ ጥላ ላይ መድረቅ አለበት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አይደርስም አለን። ጥር 10 ቀን ታቦት ሸኝተን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንወርድ የእኛ ልጆች የዘመሩት በጭብጨባ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሲያልፉ ያዩን ነበር። አፈርን።

ትምህርት ግን አላጣንበትም። ከበሮው ወደ ሠሪው ከመሄዱ በፊት የደብሩ አባ ለሐሙስ ጉባኤ መጥተው፣ የተቀደደውን ጭናቸው ላይ አድርገው አስተማሩበት። ሰፊው አፍ የክርስቶስ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ማለትም ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው። ዙሪያውን የወጠረው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ነው። ልጆቹ ጠፍሩን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩት። አጥፊው ከኋላ ሆኖ፣ ማንም ያላወቀበት መስሎት፣ «አባ፣ ቀዳዳውስ የምን ምሳሌ ነው?» አለ። አባ ቀና ብለው አዩት። «እሱ የአንተ» አሉት።

ከበሮው ተጠግኖ ሲመጣ ብዙም አልመታነውም፤ የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ገባ። በዚህ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ጾም በአዳሪ ቤት የወጥ ቤት ጉዳይ ነው። ምሳ 6፡30 ይቀርባል፤ አጥብቆ የሚጾመው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ይፈልጋል። የወጥ ቤት እናቶቻችን ሁለት ጊዜ ማሞቅ አንችልም ቢሉ አልፈረድኩባቸውም። ጿሚዎቹ ተመዝግበው፣ የራሳቸውን ሽሮና ጎመን በተራ አሙቀው፣ ድስቱን ራሳቸው እንዲያጥቡ ተስማማን። ሠራ። ስፖርት ባለበት ቀን የጿሚው ቁጥር እጥፍ ይሆናል እንጂ ሌላ ችግር አልገጠመንም። የስፖርት መምህሩ መዝገቡን ከእኔ ቀድሞ ያየው ጀመር።

ደብረ ዘይት እሁድ ላይ፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ የጥያቄ ሳጥን አቆምን። የጫማ ካርቶን ነው። ስም አይጻፍም። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «አርሴናል ዋንጫ እንዲበላ መጸለይ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል ነበር። አባ «ኃጢአት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው» ብለው መለሱ። ሐሙስን የማያውቁ ልጆች ሐሙስ መምጣት የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ነው። ቤተሰቦቹ ፕሮቴስታንት የሆኑ አንድ ልጅም ይመጣል፤ የሚከራከረውም እሱ ነው። ስም እየጠራን ቢሆን ኖሮ የሚመጣ አይመስለኝም።

በኒቆዲሞስ ሳምንት አንዲት ወረቀት ወጣች። «አባቴን ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው?» ትላለች። ሌላ ቃል የለባትም። አባ አነበቧት፣ አጠፏት፣ ኪሳቸው ከተቱ። «ይህን የጻፈው ልጅ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀምጬ እገኛለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሆሳዕና ዕለት ልጆቹን ለመመለስ ሳሰልፍ አንድ ሰው ጎድሎብኝ ነበር። ወደ ወይራው ዞር አልኩና ቶሎ ፊቴን መለስኩ። ቆጠራውን ሞልቷል ብዬ ዘጋሁት።

ያልተሳካልንም አለ። ልጆቻችን ያስቀድሳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይጾማሉ። ለመቁረብ ግን ሕፃናቱና አረጋውያኑ ሲወጡ የእኛዎቹ ጢም ያበቀሉት ወደ ኋላ ይሸሻሉ። የእኛ ግቢ ችግር ብቻ አይደለም፤ የትም ደብር ሄዶ ማየት ይቻላል። ይህን ለመለወጥ ያደረግሁት ነገር የለም፤ ከየት እንደምጀምረውም ገና እያሰብኩበት ነው።

የጠዋቱ ጸሎት ግንቦት ላይ 60 ገደማ ልጅ ያመጣ ነበር። ድሮ ከሚሞላው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ አስተዳደሩም ያስታውሰኛል። 12ኛዎች ለፈተና ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ ቆሞ የሚያደርስበት ቦታ ጠፍቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ስለሆነ አልቆጥረውም።

ለ2018 የክበቡ ኃላፊዎች ተመርጠዋል። ከበሮው አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላውን ለዚያው ለቀደደው ልጅ ሰጥቼዋለሁ።