በዕድሜ የገፉ ሚስዮናውያን አገራችንን ማየታቸው ከአገልግሎታቸው የሚቆጠር ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአንባቢያን አስተያየት ዓምዳችሁ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ለአገልግሎት ወደ አገራችን የሚመጡ በዕድሜ የገፉ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሚስዮናውያን ከሥራቸው ይልቅ ጉብኝት ያበዛሉ፣ ስለዚህም ከቱሪስት የሚለዩበት ነገር የለም የሚል ወቀሳ አቅርቧል። ጸሐፊው ይህን ያሉት ለእምነትና ለአገር ካላቸው ተቆርቋሪነት መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከጂኦግራፊ መምህርነት በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ እንዲህ ያሉ ባልና ሚስቶችን በአስተርጓሚነትና በመንገድ መሪነት ሳጅብ ስለቆየሁ፣ ነገሩን በቅርብ እንዳየ ሰው የምለው አለኝ። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ፤ የእነርሱን ትምህርት አልቀበልም። የምጽፈውም ስለ ትምህርታቸው ሳይሆን በእኛ ዘንድ ስላላቸው እንግድነት ነው።

ከማውቃቸው አብዛኞቹ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በተለምዶ ሞርሞን የምትባለው፣ የላከቻቸው ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱትን ወጣቶች አንባቢ ሳያያቸው አይቀርም፤ ወንዶቹ 24፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። በዕድሜ የገፉት ግን ሌላ ሥርዓት አላቸው። ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ከመደበኛ ሥራ ተገልለው፣ ባልና ሚስት አንድ ላይ ይመደባሉ። እንደ ምደባቸው ከ6 እስከ 23 ወር ይቆያሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፤ የቤት ኪራያቸውንና ቀለባቸውን የሚከፍሉት ከራሳቸው ቁጠባ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲሰብኩም አይጠበቅባቸውም። አንዳንዶቹ የወጣቶቹን ሚስዮናውያን የቤት ኪራይና የሒሳብ ሰነድ ሲይዙ፣ ሌሎቹ በንጹሕ ውኃ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ዕደላ፣ በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ጤና ላይ የሚደረገውን የዕርዳታ ሥራ ይከታተላሉ።

እንግዲህ በራሱ ገንዘብ የመጣ፣ ሳምንቱን በሥራ ያሳለፈ አረጋዊ በዕረፍት ቀኑ እንጦጦ ቢወጣ የማንን ድርሻ ወሰደ? ቱሪስት የሚባለው እኮ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚመለስ ነው። እነዚህ ግን እንደ እኛው ውኃ በሚመጣበት ቀን በበርሜል ያጠራቅማሉ፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ስለሚቆም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ በሚያልፍ ከተማ ውስጥ ደረጃውን እየቆሙና እየተነፈሱ ይወጣሉ፤ ከጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ይገዛሉ። የሰፈሩ ልጆችና ዘበኛው «አባባ»፣ «እማማ» እያሉ ይጠሯቸዋል። ወቃሹ ጸሐፊ ፎቶግራፍ ላይ ያዩት ላሊበላ የቆሙበትን አንዱን ቀን ነው፤ የቀሩትን ቀናት ግን ማንም ፎቶግራፍ አላነሣቸውም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካውንና ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ልንገራችሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመን፣ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. እሑድ፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን አባላት በአሜሪካና በካናዳ ሁለት ማዕድ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለኢትዮጵያና በአፍሪካ በረሃብ ለተጎዱ ሌሎች ሕዝቦች ሰጥተዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይም ተሰብስቧል። ዛሬ አረጋውያን ሆነው የሚመጡት ያን ጊዜ ትንንሽ ልጆች የሚያሳድጉ ወጣት ወላጆች ነበሩ። አብሬያቸው ከተጓዝኋቸው ባልና ሚስት አንዱ ቤተሰብ ያንን እሑድ ያስታውሳል። ሚስትየዋ ለልጆቻቸው ቁርስ ሰጥተው እርሳቸውና ባላቸው ሳይበሉ መዋላቸውን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያ» ሲባል በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣው በቴሌቪዥን ያዩት የኮረም መጠለያ ብቻ እንደነበረ አልደበቁኝም። እኔም በዚያ ዘመን ወጣት መምህር ነበርሁና ከሰሜን የመጡ ተማሪዎቼ የነገሩኝን ነገርኋቸው። ስንነጋገር የነበረው በመስከረም ማብቂያ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት፣ ጤፉ በሚያዘነብልበት በቡታጅራ መንገድ ላይ ነበር። ባልየው መኪናው እንዲቆም ጠየቁና ከአንድ ማሳ ዳር ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ስለ ጤፍ አዘራር፣ ስለ አረሙ፣ በሬ ስለሌለው ገበሬ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ለአርባ ዓመት ያህል በረሃብ ብቻ ያወቁትን ሕዝብ በእርሻው ላይ አገኙት። ይህ ጉብኝት ነው ከተባለ፣ እንዲህ ያለ ጉብኝት እንዲበዛ እመኛለሁ።

ለሥራቸው የሚሰጠው ጥቅምም በግልጽ የሚታይ ነው። የውኃ ፕሮጀክት የሚከታተል ሰው በሰነዱ ላይ ከምንጩ እስከ መንደሩ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ያነብባል፤ ጄሪካን በጀርባዋ ያዘለች የአሥር ዓመት ልጅ ዳገቱን ስትወጣ ያየ ሰው ግን ያንኑ ቁጥር ሲያነብ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለያል። ቦኖው ለየትኛው መንደር እንደሚቀርብ፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ የሚጀምሩት መንገዱን ካዩ በኋላ መሆኑን ደጋግሜ አስተውያለሁ።

ስለ አገራችን ዘላቂ ባለውለታዎች ሲነሣ የዶክተር ሬጂናልድና የዶክተር ካትሪን ሃምሊን ስም መዘንጋት የለበትም። በክርስቲያናዊ እምነታቸው ተነሣሥተው በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ሬጂናልድም ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ኋላ የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ካትሪንም ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በዚሁ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። የአጭር ጊዜ እንግዳ ወዳጅ የሚሆነው አገሩንና ሰዉን ሲያውቅ ነው፤ ለማወቅም ከግቢው መውጣት አለበት።

ይህን ስል ወቀሳው ሁሉ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ቅዳሴ ላይ ካሜራ ከፍቶ መግባት፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ የሰው ልጅ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ መንገድ ዳር ለተሰበሰቡ ሕፃናት ገንዘብና እስክርቢቶ መበተን ያሳዝናሉ፤ ሕፃናቱን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ መንገድ ላይ የሚያውላቸው ይኸው ነው። ላሊበላ ዛሬም የሚቀደስበት፣ የሚቆረብበት ቦታ ነው። ጫማ ወልቆ፣ ነጠላ ተለብሶ፣ ካህኑ «ግቡ» ሲሉ የሚገባበት ደብር ነው። ነገር ግን ይህን ሥርዓት ለእንግዳው የሚነግረው ማነው? ጥፋት ባየሁባቸው ጊዜያት ሁሉ እንግዶቹ ብቻቸውን ወይም ከሹፌር ጋር ብቻ የሄዱ ነበሩ። ሥርዓቱ አስቀድሞ የተነገራቸው አረጋውያን ከእኛ ወጣቶች ይልቅ ተጠንቅቀው ሲቆሙ አይቻለሁ፤ እነርሱም ጾም የሚያውቁ፣ የጸሎት ቤት የሚያከብሩ ናቸውና።

ስለዚህ ለሚያስተናግዷቸው ምእመናንና ጽሕፈት ቤቶች የምመክረው፣ ጉብኝቱን ከመከልከል ይልቅ በወጉ እንዲያዘጋጁት ነው። አሥራ አንዱን የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ተኩል ማዳረስ ለሰባ ዓመት ጉልበት አይሆንም። የድንጋዩ ደረጃ በብዙ ዘመን እግር ተልጦ ያንሸራትታል፤ በሁለተኛው የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ መካከል ያለው ጨለማ ዋሻም በእጅ እየዳሰሱ የሚታለፍ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ መሄድ፣ ሲደረስም ቢያንስ ሦስት ቀን መቆየት፣ የመጀመሪያውንም ቀን በዕረፍት ማሳለፍ ይገባል። በገና በዓል በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር መስማት የሚፈልጉ ካሉ፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ከአካባቢው ሰው ጋር አስቀድሞ መነጋገር የግድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ይቅደም እላለሁ። በቡታጅራ መንገድ፣ በአዋሽ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ እዚያው ከተገኘበት ስፍራ ሳይርቅ ይታያል። ከዚያ ወደ አዳዲ ማርያም ቢገባ፣ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለችውን፣ በትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ የምትሰጠውን ቤተ ክርስቲያን ያለ ብዙ ዳገት ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ጢያ ነው፤ 36ቱ ትክል ድንጋዮች፣ አብዛኞቹም ሰይፍና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው፣ ሜዳ ላይ ቆመዋል። በማለዳ ለተነሣ ሰው ሦስቱም በአንድ ቀን ይዳረሳሉ። በሰሜን በኩል ደግሞ ደብረ ሊባኖስ አለ። እዚያ የሚሄድ እንግዳ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለተጨፈጨፉት መነኮሳትና ምእመናን ሳይነገረው መመለስ የለበትም፤ ገደሉንና ጭላዳዎቹን ብቻ አሳይቶ መመለስ ገዳሙን አለማክበር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ባልና ሚስቶች መኪና ሲከራዩ ከኋላ ሁለት ሦስት ባዶ ወንበር ይተርፋል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ ጢያንም ሆነ መልካ ቁንጡሬን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ብዙ ወጣቶች በየጉባኤያቸው አሉ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼም እንደዚሁ ነበሩ። አስተናጋጆቹ ከእነዚህ ወጣቶች ሁለቱን በየጉዞው ቢያሳፍሩ አረጋውያኑ አስተርጓሚ ያገኛሉ፣ ወጣቶቹም አገራቸውን ያያሉ። ዝናቡ ከመስቀል በኋላ ስለሚያቆም የመጀመሪያውን ጉዞ ለጥቅምት ቅዳሜዎች ከአሁኑ ቢያስቡት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር
አዲስ አበባ