ለልጄ፣ ከሊቨርፑል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? እናትህስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ እዚያ አገር እንጨት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሴ ረጅም ስለሆነ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። የማወራህ ስለ አንድ መጠጥ ቤት ነው።

ቤቱ ሆፕ ጎዳና ከሃርድማን ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ይገኛል። ፊት ለፊቱ የፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ አዳራሽ ስላለ ስሙን ከእርሱ ወሰደ፤ የከተማው ሰው ግን አሳጥሮ «ፊል» ይለዋል። የተሠራው ከ1898 እስከ 1900 ነው (ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ልታርፍ ጥቂት ጊዜ ሲቀራት ማለት ነው። ያሠራው በሕፃንነቱ ከአየርላንድ የመጣው ቢራ ጠማቂ ሮበርት ኬን ሲሆን ንድፉን ያወጣው ዋልተር ቶማስ የተባለ የከተማው አርክቴክት ነው።

ለመጠጥ ቤት ይህን ያህል ጌጥ ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በዚያ ዘመን ጠማቂዎች መጠጥ ቤቶችን እየገዙና እያሠሩ የራሳቸውን ቢራ ይሸጡባቸው ነበር፤ ፉክክሩ ከባድ ነበር። በሌላ በኩል መጠጥን የሚቃወመው ማኅበር ሁሉ በርትቶ ስለተነሣ ፈቃድ ሰጪዎቹ ዳኞች እጃቸውን ሰብስበው ነበር። ስለዚህ ጠማቂው ቤቱን የተከበረ ሰው የማያፍርበት አድርጎ ማሠራት ነበረበት። የወንዶቹ ሽንት ቤት እንኳ ጽጌረዳ በሚመስል እብነ በረድ ነው የተሠራው፤ ሴቶች ጭምር ፈቃድ እየጠየቁ ገብተው ያዩታል።

የውጭውን የብረትና የመዳብ በር የሠራው ሄንሪ ብሉምፊልድ ቤር ነው። ብረቱ የሚጠማዘዘው በብራና መጻሕፍቶቻችን ራስጌ እንደምናየው ሐረግ ነው። ባንኮኒው ፊቱ በሞዛይክ ተለብጧል። ከውስጥ ያለው ትልቁ ክፍል የከረንቡላ መጫወቻ ነበር፤ በግድግዳው ላይ ያሉትን የጄሶ ምስሎች የቀረጸው በከተማው የሥነ ሕንፃና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ቻርልስ አለን ነው።

እኔን ያቆመኝ ግን ማሆጋኒ ከተባለው ጠንካራ ቀይ እንጨት የተሠራው ሥራ ነው። መጀመሪያ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እርሱ ቢራውን ሲያዝ እኔ ሻዬን ይዤ ግድግዳውን መዳሰስ ጀመርኩ። የማዕቀፉን መገናኛ በጥፍሬ ብሞክረው ጥፍሬን አላስገባ አለኝ። ከ120 ዓመት በላይ እኮ ነው ልጄ! በዚህ አገር እርጥበቱ እንጨት ያሳብጣል፤ ማሞቂያው መልሶ ያደርቀዋል። ይህን የሚችለው ሳንቃው በማዕቀፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ልቅ ሆኖ ሲቀመጥ ነው፤ ሲያብጥም ሲሟሽሽም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያገኛል። አንተ ባለፈው ዓመት የሰነጠቀብህን የዋንዛ ቁም ሳጥን አስታወስኩ። ያን ሳንቃ ዙሪያውን በኮላ አጣብቀኸው ነበር።

ጠራቢዎቹ የመርከብ ጌጥ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው ይላሉ የከተማው ሰዎች። የጠማቂው፣ የአርክቴክቱና የቀራጺው ስም ይነገራል። መላጊያና መሮ የያዙትን ሰዎች ስም ግን ግድግዳ ለግድግዳ ፈልጌ አጣሁት፤ ከልቤ አዘንኩ።

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ከባለቀለም መስታወቶቹ መካከል በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የቦር ጦርነት ጀግኖች የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጦር አዛዦች መልክ አለ፤ ቤደን ፓውልና ሎርድ ሮበርትስ። ይህ ሮበርትስ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? የናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ በወጣትነቱ ዙላ ወደብ ላይ ሆኖ ጭነቱን ከሚያስተናግዱት መኮንኖች አንዱ ነበር። መቅደላ ከወደቀ በኋላም የናፒየርን የመጨረሻ መልእክት ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰው እርሱ ነው። አያትህ ስለ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል እንደነበር ትዝ ይልሃል? ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መስታወቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። የመስታወት ሠሪውን እጅ ማድነቄን አልተውኩም፤ ልቤ ግን ዙላ ነበር።

ከቢትልስ ዘፋኞች አንዱ ጆን ሌነን ሆፕ ጎዳና ላይ የሥነ ጥበብ ተማሪ ስለነበር ይህ ሰፈሩ ነበር፤ የባንዱ ጓደኛው ፖል ማካርትኒም በ2018 ድንገት መጥቶ ዘፍኖበታል። በ2020 ቤቱ ወደ አንደኛ ደረጃ ቅርስነት ከፍ ብሏል። ለመጠጥ ቤትነት ከተሠሩት የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች በእንግሊዝ ይህን ደረጃ በማግኘት የመጀመሪያው ነው።

ከደብዳቤው ጋር የማዕቀፉን ቅርጽ በእርሳስ ስዬ ልኬልሃለሁ። ልኬቱ በሚሊሜትር ነው፤ በእጄ ሜትር ለክቼ ነው የጻፍኩት፣ አስተናጋጇ ፈቅዳልኛለች። በዋንዛ ቁራጭ ላይ ሞክረውና የመገናኛውን ፎቶ ከቅርብ አንሥተህ ላክልኝ። ኮላ ቦዩ ውስጥ እንዳይገባ።

አባትህ